የእማማ ጥሩሰው መውጫ

በጨፌ ኮንዶሚኒየም፣ ከግቢው በር ገባ ብሎ በስተቀኝ፣ መኪና ከመኪና ተጣብቆ ከቆመበት መሀል፣ ምንጣፍ የምታክል አንዲት ሣር አለች። ማቆሚያ አጥቶ ግቢውን ሲዞር የዋለ ሰው እንኳን ጎማውን አያሳርፍባትም። ስሟ «የእማማ ጥሩሰው መውጫ» ነው። አዲስ ተከራይ ሁሉ «ይቺ ባዶ ቦታ ምን ሆና ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም እንዲህ ይሉታል።

እንደሚነገረው፣ እማማ ጥሩሰው የምድር ቤት ዕጣ ደርሷቸው ሲገቡ ደጃፋቸው ሥራ ተቋራጩ ጥሎት የሄደ ፍርስራሽ ብቻ ነበር። እሱን በእጃቸው ለቅመው ያን ሰፊ ደጃፍ ሙሉ ሣር ተከሉ። የሰርጉም የለቅሶውም ድንኳን የሚተከለው እዚያ ሆነ፤ ካስማ የሚገባበት አፈር ሌላ የት አለና! ኋላ መኪና በዛ። መጀመሪያ ያቆሙት የዕድሩ ዳኛ አቶ ደገፉ ናቸው ይባላል፤ «እማማ፣ ለዛሬ ብቻ» ብለው። እማማ ደግሞ ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት ያልፈጠረባቸው ሴት ስለነበሩ «ምን ገዶኝ ልጄ፣ አቁም» አሉ። ያቺ ዛሬ አልመሽ አለች! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተከተለ። ሣሩ ዘይት ጠጥቶ ነጣ፣ መኪናውም ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ እየተጠጋ በራቸው ደረሰ፣ እማማም በጎን እየሾለኩ መውጣት ጀመሩ። ያየ ሁሉ ያዝን ነበር፤ ግን ማን ይናገር? እኛ እኮ ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብን። እሳቸው ዳኛውን አፈሩ፣ ጎረቤቱም እርስ በርሱ ተፋፈረ።

አንድ እሑድ ማለዳ ከሰንዳፋ ስልክ ተደወለ። የእማማ ብቸኛ ወንድም ዐርፈዋል፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን ቢገፉት እጅ እንኳን አያሳልፍም። አቶ ደገፉ መኪናቸውን በሩ ላይ ለጥፈው፣ የእጅ ፍሬን ስበው፣ በኮንትራት ሚኒባስ ለሰርግ ሐዋሳ ሄደዋል፤ ስልካቸውም አይነሣም። ጎረቤት ተሯሯጠ። ቢገፉት ፍሬን ይዟል፤ በሸክም እንዳያነሡት ግራና ቀኙ በመኪና ተጠርቅሟል። በመስኮት እንዳይወጡ፣ ሌባ ፈርተው ራሳቸው ያስገጠሙት ብረት አለ። ብረት ቆራጭ ተለምኖ መጣ፤ ወይ ጉድ፣ መብራት የለም! በግፊያው መሀል የመኪኖቹ አላርም ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጮህ ጀመር፤ ሰዎቹም ለማስቆም ሲራወጡ እማማ ከብረቱ ኋላ ቆመው፣ «ተዉአቸው፣ እነሱስ አለቀሱልኝ» አሉ ይባላል። ስድስት ሰዓት አለፈ። ወንድምየው እህት ሳትቆምላቸው ተቀበሩ።

አቶ ደገፉ ሲመለሱ ወሬውን ሰሙና መኪናቸውን አነሡ፤ በማግስቱም እንደ አገር ወጉ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ደጃፉ ላይ ተንበረከኩ። ያን ሁሉ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ዳኛ እንደ ልጅ አለቀሱ።

«እማማ፣ ስለ ማርያም ይማሩኝ።»

«ምሬሃለሁ ልጄ፣ እግዜር ይማርህ» አሉ እማማ። «ወንድሜን እንደሆን ሁለት ጊዜ አይቀብሩልኝ። ድንጋዩን ግን አትጣለው። ፍሬኑን ልቀቅና እሱን ከጎማህ ሥር አድርገው፤ የቸገረው ሰው ገፍቶ ይለፍ።»

ከዚያ ወዲህ የጨፌ ሰው መኪናውን የሚያቆመው ፍሬን ሳይዝ፣ ድንጋይ አስደግፎ ነው። ሣሯንም አቶ ደገፉ በገዛ እጃቸው መልሰው ተከሏት አሉ።

እማማ ካረፉ ቆዩ። ዛሬ ሣሯ ላይ መኪና ያቆመ ሰው ቢገኝ ጥበቃው አይቆጣውም፣ ኮሚቴውም አይቀጣውም። ከበረንዳ ላይ አንዱ ብቅ ይልና በቀስታ «ወንድምህ ደህና ነው?» ይለዋል። ነገሩን የሚያውቅ ሞተሩን አስነሥቶ ይወጣል። የማያውቀው ግን ግራ ይገባውና «ደህና ነው፤ ምነው?» ይላል።

«እንግዲያው መኪናህን አንሣና ደውልለት» ይሉታል።