የፊታውራሪ መሸሻ ድርሻ

አንዲት ጥጥ ፈታይ ባልቴት በፊታውራሪ መሸሻ ግቢ፣ ጥግ ላይ ባለች ጎጆ ተጠግታ ትኖር ነበር። መቼም «እንዴት አደርሽ?» ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ እሷ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን!» የምትለው ፊቷ እየበራ ነበርና ፊታውራሪውን አናደዳቸው።

«ያስጠለልኩሽ እኔ፣ የሚመሰገነው ሌላ? ነገ በእንግዶቼ ፊት እኔን ካላመሰገንሽ ጎጆዬን ትለቂያለሽ!» አሏት።

በማግስቱ እንግዶቹ ተሰብስበው ሳለ፣ ፊታውራሪው ድምፃቸውን ጎርነን አድርገው «እንዴት አደርሽ?» አሏት።

«ጣራው ሲያፈስብኝ፣ ቁንጫው ሲበላኝ አደርኩ፤ ፊታውራሪ ይመስገኑ!»

እንግዶቹ ሳቃቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ፊታውራሪው «ምን አልሽ አንቺ?» ብለው ጮኹ።

«ጎጆው የእርስዎ ነውና የእርስዎን ድርሻ ለእርስዎ ሰጠሁ፣ ጌታዬ። እንዲያም አድሬ ደስ ብሎኝ መንቃቴ ግን ከጎጆው ጋር የተሰጠኝ አይደለም፤ ለእሱ እንደ ልማዴ እግዚአብሔር ይመስገን!»