ለባሕር ማዶ ሙታን የተነፋ ጡሩንባ

አንድ ሰው ነበረ። በአንዲት ትንሽ ከተማ የዕድር ጡሩንባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ይነሣና በየሰፈሩ እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስም ይጠራል። በዚያች ከተማ ጡሩንባ ከተነፋ ሱቅ አይከፈትም፣ በቅሎ አይጫንም፤ የተኳረፉ ሰዎች እንኳ ያን ቀን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። ዕድርተኛ ላልሆነ ሰው ጡሩንባ የነፋ ከዕድሩ ይባረራል። የተባረረ ደግሞ ሲሞት ቀባሪ የለውም።

በዚያን ጊዜ የአገሩ ንጉሥ ከባሕር ማዶ ንጉሥ ጋር ወዳጅነት ተማምሎ ነበር። ያ ወዳጁ አንዲት ከተማ ከቦ ሕዝቧን ሲያስርብ፣ ይሄኛው ለከበበው ጦር ስንቅ ይልክለታል። ጭነቱ የሚያልፈው በጡሩንባ ነፊው ትንሽ ከተማ፣ የሚጫነውም በነዋሪዎቿ በቅሎ ነው። ከተማይቱ በኪራዩ ደህና ጠግባ ታድር ነበር። ስለ ተከበቡት ሰዎች የሚያነሣ ቢገኝ «የነገሥታት ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ።

በጡሩንባ ነፊው ጎረቤት ከተከበበችው ከተማ ተሰዳ የመጣች አንዲት ክር ፈታይ ትኖር ነበር። አንድ ቀን ነጋዴዎች መርዶ ነገሯት፤ እናቷና ወንድሞቿ በረሃብ አልቀዋል። ሴቲቱም በሯን ዘግታ አለቀሰች። እዝን ያመጣላት፣ «እግዜር ያጽናሽ» ያላት ማንም አልነበረም። ጡሩንባ ነፊው በግድግዳው በኩል ሰማት። ዕድሜውን ሙሉ ለቅሶ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፤ ብቻውን የሚለቀስ ለቅሶ ግን ሰምቶ አያውቅም። እንቅልፍ እንቢ አለው።

ማግስቱ ጭነት የሚነሣበት ቀን ነበር። ሰውየው ጡሩንባውን አንሥቶ ወጣ። አርጅቷል፤ «እኔንስ ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ፈርቷል። ፈርቶም ነፋ።

«የክር ፈታይዋ እናትና ወንድሞች ከባሕር ማዶ በረሃብ ሞተዋል። የከበባቸው ጦር የሚበላው በእኛ በቅሎ የሄደውን ነው። ለቅሶ ድረሱ።»

ሰው ከየቤቱ ወጣ። የዕድሩ ዳኛም ተቆጥቶ መጣ።

«ሴትዮዋ ዕድርተኛ ናት?»

«አይደለችም።»

«ሕጉን አጥተኸው ነው?»

«አላጣሁትም» አለና ጡሩንባውን ከዳኛው እግር ሥር አስቀመጠ።

ሰው ሁሉ እንደ ቆመ አንዲት አሮጊት ከከተማው ዳር መጡ። ጡሩንባውን እንጂ የተጠራውን አልሰሙም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ፣ ማንንም ሳይጠይቁ በመካከላቸው አልፈው ለቅሶው ወደሚሰማበት ቤት ገቡ። ክር ፈታይዋን አቅፈው አጠገቧ ተቀመጡ።

አንዱ ተከትሏቸው ገባና «እማማ፣ የሞተው እኮ የእኛ ሰው አይደለም» አላቸው።

«ልጅቷ እያለቀሰች እኮ ነው» አሉት። አልተነሡም።

ከዚያ ሴቶቹ ገቡ። ቤቱ ጠበበና ሰው በደጅ መቀመጥ ጀመረ። ባለበቅሎዎቹ ግማሽ የጫኑትን አራግፈው መጡ። ዳኛው ብዙ ቆመ፤ በመጨረሻ ጋቢውን አዘቅዝቆ እሱም ተቀመጠ። የንጉሡ ሹም ጭነቱ ለምን እንደ ቆመ ሊጠይቅ በቁጣ ደረሰ። «ለቅሶ ላይ ነን» አሉት። ሹሙ የዚያው አገር ልጅ ነውና ለቅሶ ላይ እንደማይጮህ ያውቃል።

ጡሩንባ ነፊው ለስንት ባለጠጋ ነፍቷል፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ ግን አይቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ሕዝብ ያስነሣው የእሱ ትንፋሽ መሆኑን ለማመን ፈራ። በዚያው ቅጽበት ከጋራው ማዶ፣ ጭነቱ ቀጥሎ ከሚያድርባት ከተማ፣ የእሱን የተቀበለ ሌላ ጡሩንባ ተሰማ። ሕዝቡ ቀና ብሎ አደመጠ።

አንተ ልጄ፣ «በዚህች ሚጢጢ ከተማ አደባባይ ቆመን ስለ ሩቅ አገር ሰው ብንጮህ የነገሥታትን ውል እናፈርሳለን ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። በተረቴ ጡሩንባ ነፊው አደባባይ የሚቆመው ሰው ነው፤ ስንቁም በስማችን ተጭኖ የሚሄደው ሁሉ ነው። ውሉ በዚያ ቀን አልፈረሰም፤ አልዋሽህም። ጭነቱ ግን የሚሄደው በእኛ በቅሎ ነው። ጡሩንባም ሙት አያስነሣም፤ የሚነፋው በሕይወት ያለው ሰው ከቤቱ እንዲወጣ ነው። አንተ በሕይወት አለህ፤ ውጣ።