የወይዘሮ ደብሪቱ የልብስ ክፍል

በአንድ ወቅት፣ ያ ወቅት ባይመጣ እንዴት ጥሩ ነበር፣ ደሴ ውስጥ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው አቶ ይርዳው የጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ፣ ቤት ሲሠሩ ከመኝታ ቤቱ ቀጥሎ ለሚስታቸው ልብስ ብቻ የሚሆን አንድ ክፍል አስወጡ። መስኮት የለውም እንጂ አልጋና ጠረጴዛ አስገብቶ ሰው የሚያሳድር ክፍል ነው። ሰፈሩ ስቆ አልጠገበም፤ «እኛ ለልጆቻችን አጣን፣ ደብሪቱ ለቀሚሷ ቤት አሠራች» ይባል ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ሦስት ልጆች ወለዱ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና አንዱ ሌላውን አይመስልም። ትልቁ አሰግድ ግንበኛ ነው፤ ከእጁ እንጂ ከአፉ ብዙ አይወጣም። ስንዱ ብልህ ናት፤ የሰው ፊት አይታ ሆዱን ታውቃለች። ትንሹ ፋንታሁን ተማሪ ነበር፤ ወሬ የማይደክመው፣ ዝም በል ቢሉት የሚያመው ልጅ።

አባትየው ካረፉ በኋላ ክፉ ቀን መጣ። ወጣት ከየቤቱ እየታደነ ሄዶ የማይመለስበት ጊዜ ነው። የፋንታሁንም ስም ከሚፈለጉት ጋር ተጠራ። እናትየው በዚያ ሰሞን የታመመ ወንድማቸውን ሊያስታምሙ ወረኢሉ ሄደው ነበር። ሦስቱ ልጆች ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን መከሩ።

አሰግድ ወጥ ቤት አድሳለሁ ብሎ ብሎኬትና አሸዋ አስገባ። የእናቱን የልብስ ክፍል ከመሃል ከፍሎ ከወለል እስከ ኮርኒስ ግንብ አቆመበት፤ አዲሱ ከአሮጌው እንዳይለይም ለስኖ ክፍሉን በሙሉ ኖራ ቀባው። ፋንታሁን ከግንቡ ኋላ ቀረ። ስንዱ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ትንሽ በር ይኑረው ብላ ለምናው ነበር። «በር ያለው ነገር ይከፈታል» አላት። ምግብም ውሃም በኮርኒሱ ቀዳዳ በገመድ ይወርድ ነበር። ታጣቂዎች መጥተው ቀሚሶቹን በተኑ፣ ግድግዳውን በሰደፍ መቱ፣ ቁም ሣጥኑን ገለበጡ። በር ቢኖረው ያገኙት ነበር። ይህ የአሰግድ ሥራ ነው።

ታጣቂዎቹ ግን መመላለሱን አልተዉም። አለቃቸው የሰፈር ሰው፣ ያውም የዕድራችን አባል ነበር፤ ልጁ ከከተማ አልወጣም ብሎ ምሎአል። ስንዱ የሞተ ሰው አይፈለግም ብላ አሰበች። አንድ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን እየነጨች ደጅ ወጣች። ወንድሟ ወደ አሰብ ሲሸሽ በረሃ በላው፣ አንድ ሾፌር ነው የነገረኝ አለች። ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ለቅሶውን ብታዩት የእውነት ነው፤ እኔ ራሴ አልቅሻለሁ፣ አሁን ሳስበው ያናድደኛል። አለቃውም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ የለቀስተኛውን ፊት እያንዳንዱን ያይ ነበር።

ስንዱ አንድ ነገር ረሳች። እናት ሳትረዳ ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። ዕድሩ እሷን ሳያማክር፣ በደንቡ መሠረት፣ መርዶ ነጋሪ ወረኢሉ ላከ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ሙሾ የሚወርደው የሟች ልብስ ተይዞ ነውና እዚያ የሰቀሉትን የልጃቸውን ኮት ሊያመጡ ወደ ልብስ ክፍላቸው ሄዱ። ሲቆዩ ስንዱ ተከተለቻቸው። ግድግዳውን እያዩ ቆመዋል።

«ስንዱዬ፣ ይሄ ክፍል ጠቧል» አሏት።

አለቃው ከበሩ ላይ ነበር።

«ሐዘኑ ነው እማዬ፤ ላዘነ ሰው ምን የማይጠብ አለ» አለችና ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው።

ጆሯቸው ከአፏ ስንዝር አይርቅም ነበር። አልነገረቻቸውም። ልጇ በሕይወት መኖሩን ያወቀች እናት ምን ብላ ታለቅሳለች? አለቃው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያየው የእሳቸውን ፊት ነበር። ብቻቸውን ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ ብላ ጠበቀች። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውምና ሴቶቹ ከአጠገባቸው አልጠፉም። አለቃው ግን የእናትየውን ለቅሶ አይቶ አመነ፤ ከዚያ ወዲያ ፍለጋው ቆመ። ይህን ያደረገች ስንዱ ናት።

እናትየው እህል ውሃ አልቀምስም አሉ። ከልብስ ክፍሌ አልወጣም ብለውም እዚያው ኮቱን ተንተርሰው ተኙ። በእሳቸውና በልጃቸው መካከል አንድ ብሎኬት ብቻ ነበር። «ፋንታዬ፣ ማን ውሃ ሰጠህ?» ሲሉ ፋንታሁን ይሰማል። በጣቱ አንዴ ቢያንኳኳ እናቱ ትሰማለች፤ ከበው የተቀመጡትም ይሰማሉ፤ ያን ጊዜ አሰግድና ስንዱ ከእሱ ጋር ይሄዳሉ። ጋቢውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ተቀመጠ። ይህ ደግሞ የፋንታሁን ነው፣ ዝምታ ሥራ ከተባለ።

ድንኳኑ በሚነሳበት ቀን ወይዘሮ ደብሪቱ ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች አስጠርተው ተናዘዙ። «ቤቴን ከልጆቼ መካከል ለሟቹ ልጄ ከሁሉ በላይ ለሆነለት ሰጥቻለሁ። ማን እንደሆነ እናንተ መርምሩ» አሉ። ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። ልጃቸው የመጨረሻ ትንፋሻቸውን ከግንቡ ኋላ ሆኖ ሰማ።

ያም ዘመን አለፈ። አለቃውም የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ። አሰግድ የሠራውን ግንብ በገዛ መዶሻው አፈረሰው። ፋንታሁን ብርሃን እየወጋው፣ ወገቡ ጎብጦ ወጣ፤ እንኳን ለዚህ አበቃህ የሚለው ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ነበር የሚስመው።

ኑዛዜ ነውና ሽማግሌዎቹ ሦስቱን ጠሩ። ለቤት ሲባል ወንድማማች ሲካሰስ እንጂ አንዱ ለሌላው ሲተው አይተው አያውቁም። አሰግድ፣ እኔ ብሎኬት ነው የደረደርሁት፣ ፍለጋውን ያስቆመችው ስንዱ ናት፣ ለእሷ ይሰጣት አለ። ስንዱ እዚያ ቤት እግሬ አይገባም አለች፤ ዝም ብሎ የሁለታችንን ነፍስ ያተረፈ ፋንታሁን ነው፣ እሱ ይውሰደው አለች። ያ ወሬኛ ልጅ ከወጣ ወዲህ ንግግሩ ጥቂት ነው።

«በር ቢኖር እናቴ ትገባ ነበር። ብትነግሯት ትበላ ነበር። ባንኳኳ ትሰማ ነበር። ሦስታችንም ለእኔ ሆነናል፤ ለእሷ ማን ሆነላት?» አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስቱ አንድ ማዕድ አልቀረቡም።

ሰፈሩ ግን ምክር አያልቅበትም። ግንበኛው ባይኖር ልጁም ባልኖረ፣ ለአሰግድ ነው የሚል አለ። እናቷን በሐዘን የቀጣች ሴት ቤት ልትወርስ ነው ወይ የሚልም አለ፤ እሷ ባታስለቅስ ሦስቱም አፈር ነበሩ ብሎ የሚቆጣላትም አለ። የልብሱን ክፍል መስኮት አውጡለትና ሱቅ ይሁን፣ የለም፣ ለተማሪ መኝታ ይከራይ ይላሉ። ፋንታሁን ክፍሉን እንዳትነኩ ብሎናል። ስንዱ ደግሞ አፍርሱት ትላለች።

ኑዛዜውን ከሰማነው ከሁለታችን አንደኛው ሽማግሌ ባለፈው ክረምት ዐርፏል። የቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። የሙት ቃል አይታጠፍም፤ እኔም ዕድሜዬ ሄዷል። ሦስቱም ለ«ሟቹ» ሆነዋል፤ ሦስቱም በእናታቸው ሞት እጃቸው አለበት። እንግዲህ ሰምታችኋል፤ ቁልፉን ለማን ላስረክብ?