የሊቀመንበሩ ንዑስ ህሊና

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ላቀው የሰፈሩን የቦኖ ውሃ ወደ ግቢያቸው ጠለፉት። ነዋሪው ስብሰባ ላይ ሲያፋጥጣቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰሞኑን የሥነ ልቡና ሥልጠና ወስደዋል።

«ሰው ሳያውቀው ከውስጥ ሆኖ የሚያዘው ንዑስ ህሊና የሚባል ነገር አለ። ቧንቧውን ያዞረው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሳይንሱ ያልገባው ካለ ይናገር፤ ከሌለ ጉዳዩ ተዘግቷል!»

አልገባኝም ብሎ ማን ይዋረድ? ከኋላ ግን አንዲት የጉሊት ቲማቲም ሻጭ እጇን አወጣች።

«አልገባሽም?» አሉ ሊቀመንበሩ እየሳቁ።

«ኧረ ገብቶኛል፤ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው» አለች። «እስከ ዛሬ ‹ህሊና የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም› እያልኩ ሳማዎት ነበር። ለካ ንዑስም ቢሆን አለዎት!»