ይመናሹ ልጇን ያወቀችበት ቀን

«ተረት ተረት!»
«የመሰረት!»
ጎሽ! በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ጊዜ ይመናሹ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሰሌን እየታታች ትኖር ነበር። እናኑና አልጣሽ የሚባሉ መንታ ሴት ልጆች ነበሯት። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ጭራቅ መጣና አልጣሽን ይዟት ጠፋ። እናት ያልፈለገችበት ቦታ አልነበረም። አላገኘቻትም።

አሥር ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ይመናሹ መንገድ ላይ በጀርባዋ የተገለበጠች ኤሊ አየችና አቃናቻት። ኤሊዋ አፍ አውጥታ፣ «እግዜር ይስጥሽ። ልጅሽ ጭራቁ ዋሻ ውስጥ ናት። ዘንቢልሽ ውስጥ ክተቺኝና እንሂድ» አለቻት።

ሄዱ። ዋሻው ደርሳ ልጇን እንዲመልስላት ስትለምነው ጭራቁ ሦስት ልጃገረዶች ፊቷ አቆመ። አንደበታቸውን በድግምት ስለዘጋው መናገር አይችሉም።

«ልጅሽን ለይተሽ ካወቅሽ ሁሉንም ውሰጂ። ከሳትሽ ግን አንቺም እዚሁ ትቀሪያለሽ» አላት።

ይመናሹ የመጀመሪያዋን አየች። ረጅም ናት፤ ልክ እንደ እናኑ። «ይቺ ናት!» ልትል ስትል ኤሊዋ ከዘንቢሉ ውስጥ አንሾካሾከች።

«ቆይ! ለማደግ ምግብ ያስፈልጋል። ልጅሽ እዚህ ጠግባ የኖረች ይመስልሻል? ይቺ ካደገች በኋላ የተያዘች ትሆናለች።»

ሁለተኛዋን አየች። ጠይም ናት፤ ልክ እንደ እናኑ። አሁንም ልትናገር ስትል ኤሊዋ፣ «ቆይ! እናኑን ያጠየማት የሜዳው ፀሐይ ነው። እዚህ ፀሐይ የታለ? ይቺ ስትወለድም ጠይም የነበረች ትሆናለች» አለቻት።

ሦስተኛዋን አየች። አጭር፣ ቀጭን፣ የገረጣች። እናኑን በምንም አትመስልም። ይመናሹ ጨነቃት።

«እንግዲህ በምን ልወቃት?»

«ረሃብም ጨለማም የማይቀይረውን ፈልጊ።»

ይመናሹ አሰበች። እሷ ስትስቅ ግራ ጉንጯ ብቻ ይሰረጉዳል። እናቷም እንደዚያው ነበሩ። እናኑም እንደዚያው ናት። ግን እነዚህን ልጆች ማን ያስቃቸው?

ወደ ጭራቁ ዞረች። «ጌታዬ፣ እስክስታ ሲወርዱ አቻ የለዎትም ይባላል። እውነት ነው?»

ጭራቁ ደስ አለው። ትልቅ ሆዱን እያንቀጠቀጠ ትከሻውን ነቀነቀ። ዘለለ። ጭንቅላቱ ከዋሻው ጣሪያ ጋር ጓ! አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። የሦስተኛዋ ግራ ጉንጭ ስርጉድ አለ።

«አልጣሽ! ልጄ!» ይመናሹ እቅፍ አደረገቻት። ድግምቱ ተፈታ።

«እማዬ!» አለች አልጣሽ።

ጭራቁ ግንባሩን ይዞ ቀረ። ሁለቱ ልጆች ይመናሹን እያመሰገኑ ወደየእናቶቻቸው ሄዱ።

አልጣሽ ቤት ስትደርስ እህቷን አየችና አፈረች። «እኔ እኮ አንቺን አልመስልም።»

«መንታዬ አይደለሽ እንዴ!» ብላ እናኑ አገላብጣ ሳመቻት።

አልጣሽ ፀሐይ እየሞቀች፣ ወተት እየጠጣች ከረመች። ፊቷ ጠየመ፣ ሰውነቷም ሞላ። ቁመቷ ግን እናኑ ላይ ሳይደርስ ቀረ። ቅር አላላትም። ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ፣ «ፈጣሪዬ፣ ስለ እናቴ ተመስገን። ስለ ፀሐዩም፣ ስለ ወተቱም ተመስገን» ትል ነበር።

አያችሁ ልጆች? ከእናት ከአባታችን የምንወርሰው መልክ አለ። ምግቡ፣ ፀሐዩና ኑሮው የሚሰጠንም አለ። ለዚህ ነው የአንድ እናት ልጆች እንኳ የሚለያዩት። ብንለያይም ዘመድ ነን፤ ስለ ሁሉም እናመስግን።

ተረቴ ለእናንተ፣ ምርቃታችሁ ለእኔ።