ሳይነሳ የቀረው የወይራ ዱላ

አንድ ጊዜ ሚዳቋ አህያን በደለቻት። ጅብም በድሏታል፣ ቀበሮም በድሏታል፣ አንበሳም በድሏታል። የእነሱ በደል ግን እንደ ነሐሴ ዝናብ ነው፤ መምጣቱ ስለሚታወቅ ሁሉም ጣራውን ይጠግናል። የሚዳቋ በደል በጠራ ሰማይ የወረደ በረዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ጨፌ ዳር፣ በቀጋ እሾህ የታጠረ ሰፊ ቅጥር ነበር። ውስጡ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ምንጭና ለምለም ሣር አለ። ይህን ቅጥር የሚይዘው በየዓመቱ መኸር ከገባ በኋላ በገና ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነው። ላይኞቹና ታችኞቹ አራዊት ሜዳ ላይ ይጋጠማሉ። የሆነለት ዱላውን በጥርሱ ነክሶ፣ ያልሆነለት በሰኮናው፣ እሩር የሚሏትን የእንጨት ኳስ እየለጋ ከባላጋራው ድንበር ለማሳለፍ ይራኮታል። ያሸነፈ ቅጥር ውስጥ ይከርማል፤ የተሸነፈ ይበተናል። በቅጥሩ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ የቡድን ልጅ የቡድኑን ልጅ አይበላም። ከአጥሩ ውጭ ግን ሁሉም እንደ ጥርሱ ያድራል።

ላይኞቹ ለብዙ ዓመት ቅጥሩን ይዘው ኖረዋል። በማን አሸነፉ ቢባል ተመልካቹ ሁሉ «በሚዳቋ ነዋ!» ይላል። እውነት ነው፤ ሚዳቋ እሩሯን ይዛ ስትፈተለክ ዓይን አይደርስባትም። መንገዱን ማን እንደጠረገላት ግን የሚጠይቅ አልነበረም። የምትጠርገው አህያ ነበረች። የታችኞቹ ከርከሮ ክራንቻውን አሹሎ ሲመጣ በደረቷ ትቀበለዋለች፤ ዝንጀሮ ሲዘል በጎኗ ትመክተዋለች። ሚዳቋ መውጫ ሲጠፋት ደግሞ «እትዬ!» ብላ እሩሯን ትልክላታለች፤ አህያም ተቀብላ፣ በላይዋ የተንጠለጠለውን ሁሉ እየጎተተች፣ ድንበር ታሻግራለች። ጭብጨባው ሲቀልጥ አህያ አንድ ጥግ ቆማ የተላጠ ቅልጥሟን ስትልስ ነው።

በዚያ ዓመት አህያ አርጅታ ነበር። የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይታያል፤ ጉልበቷ ሽቅብ ስትወጣ ይንቀጠቀጣል። ይህንን ከሁሉ በፊት ያየው ቀበሮ ነው። ቀበሮ የአህያን ጉልበት የሚያይበት ምክንያት ነበረው፤ ነፋስ የማይገባባትን መኝታዋን፣ ከነደረቅ ጭዷ፣ ከተመኛት ቆይቷል። ወደ ቡድኑ አለቃ ወደ ጅብ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ አህያ ቡድናችን ውስጥ እያለች ምንህ ናት?»

«የቡድን ልጅ ናታ።»

«ከአጥር ብትወጣስ?»

ጅብ ቆሞ አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልሆነ አንገቱን አመመው። ከዚያ ምራቁ ተዝረበረበ። «እራት!» አለ።

«እኔ አላልኩም፤ አንተ ነህ ያልከው» አለ ቀበሮ። «በእሷ ፈንታ የሚቆመውን ከቆላ አምጥቻለሁ። አንተ ዱላዋን አለማንሳት ብቻ ነው ሥራህ።»

ዱላ የሚነሳበት ቀን ደረሰ። ልማዱ ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ሁሉ ዱላውን መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ አለቃው የሚፈልገውን እየለየ ያነሳል። ዱላው የተነሳለት ይገባል፤ ያልተነሳለት ከአጥር ይወጣል። ለቀረው አንድ ተስፋ አለችው። ከተመረጡት አንዱ ዱላውን አንስቶ «ዋስ ነኝ» ካለለት ይገባል። ዋሱ ግን ዋስ ነው፤ ያ የገባው ቢሰንፍ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ።

ጅብ የሚዳቋን ዱላ በመጀመሪያ አነሳ። የተኩላን አነሳ፣ የድኩላን አነሳ፣ ሜዳ ገብቶ የማያውቀውን የቀበሮን ሳይቀር አነሳ። መጨረሻ ላይ አንዲት ጥርስ የበላት፣ መያዣዋ የለሰለሰ የወይራ ዱላ መሬት ላይ ቀረች።

የቡድኑ ጌታ አንበሳ ከተኛበት አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ይህ የማን ነው?»

«የእኔ ነው ጌታዬ» አለች አህያ። «ሲነሳ ስለኖረ ዛሬ ተረስቶ ነው መሰለኝ።»

ቀበሮ ቶሎ መሐል ገባ። «አልተረሳም! እኛ እኮ ለእሷ አዝነን ነው። ደከመች፤ ትረፍ እንጂ! እስከ መቼ እንበድላት? በምትኳ ይኸው፣ የሜዳ አህያ አለላችሁ። ጀርባውን እዩት! ሥዕል እኮ ነው! አንድ ቀን ጭነት ነክቶት አያውቅም!»

የሜዳ አህያ ሁለት ጊዜ ዞረ። «ከጎኔ እዩኝ» አለ። «የማምረው ከጎን ነው።»

አራዊቱ «ወይ ዝንጉርጉር! ወይ ውበት!» እያሉ ተንጫጩ።

«ጭነት ያልነካውን ጀርባ፣ ከርከሮ ሲነካው ታዩታላችሁ» አለች አህያ።

አንበሳ ቅንድቡን አነሳ። «ተቆጣሽ እንዴ አንቺ? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማሽም?»

«ጌታ አይቆጣ ተባለ እንጂ ሎሌ አይናገር አልተባለም።»

«ጥሩ፤ ተናገርሽ። ዋስ አለሽ?»

አህያ ጅብን አላየችም፤ ቀበሮንም አላየችም። ያየችው ሚዳቋን ብቻ ነው። ሚዳቋም አየቻት። ደረቷ ላይ ያለውን የክራንቻ ጠባሳ አየች፤ ለማን ሲባል እንደተወጋ ታውቃለች። ከዚያ ግን ዓይኗ ወደ ታች ወርዶ የሚንቀጠቀጠውን ጉልበት አየች። ብትወድቅስ? ብላ አሰበች። ብትወድቅ እኔም ከአጥር ውጭ አይደለሁ?

ሚዳቋ አንገቷን ወደ ዱላው ዝቅ አደረገች። የአህያ ጆሮ ቀጥ አለ። ሚዳቋ ግን ከዱላው አጠገብ የበቀለችውን ሣር ነጨች፤ አኘከች፤ ዋጠች።

«እኔ መሮጥ ብቻ ነው የማውቀው» አለች ሌላ ቦታ እያየች። «የዋስ ነገር የታላላቆች ነው።»

አህያ ዱላዋን እዚያው ትታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በእሾሁ በር ወጣች። ቀበሮ እሷ ከበሩ ሳትርቅ ጭዷ ላይ ተጋድሞ እግሩን ሲዘረጋ ታየ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጅብ እየተልከሰከሰ መጣ። አህያ ጀርባዋን ለአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሰጥታ ጠበቀችው። የሚበላትን ቁልጭ አድርጋ ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት በአንድ ሜዳ ላይ አብረው ቆመዋል! ጮኸች። ጩኸቷ ከአጥሩ አልፎ ምንጩ ድረስ ገባ። ድኩላ «አህያ ናት መሰል» ብሎ ጎኑን ቀየረ። አንበሳ አዛጋ። ሚዳቋ ራሷን ሣር ውስጥ ቀብራ ጆሮዎቿን በፊት እግሮቿ ከደነች። አህያ አንዴ ረገጠች፤ የጅብ የፊት ጥርስ ረገፈ። ጅብም እያለቀሰ ከመሸሹ በፊት የኋላ እግሯን ቋንጃ ቆርጦ ሄደ።

አህያ አልሞተችም። አለመሞቷን እንደ መትረፍ የሚቆጥርላት ካለ ይቁጠርላት።

የጨዋታው ቀን ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የሜዳ አህያ ሲገባ እልልታው ቀለጠ። በጎኑ ቆመላቸው፤ በሌላው ጎኑም ቆመላቸው። እሩሯ ተለጋች። ሚዳቋ ይዛት ተፈተለከች፤ እንደ ለመደችውም ወደ ፊቷ ሳታይ ሮጠች፤ ምክንያቱም ዕድሜዋን ሙሉ ከፊቷ የአህያ ጀርባ ነበረ። ከርከሮ አፈር እየበተነ መጣ። የሜዳ አህያ ክራንቻውን አየና «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ። መልሱን አልጠበቀም። ዞሮ ወደ ቆላ ሸሸ፤ ሲሸሽም ከጎን እጅግ ያምር ነበር።

ሚዳቋ «እትዬ!» ብላ እሩሯን ወደ ጎን ላከች። እሩሯ ማንም በሌለበት ቦታ ተንከባላ ቆመች። ከርከሮው ግን አልቆመም። የሚዳቋ እግር ሲሰበር ድምፁ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ይመስል ነበር፤ ሜዳው ሁሉ ሰማው። ከዚያ በኋላ ጨዋታ አይባልም። ታችኞቹ እየዘፈኑ አሸነፉ፤ እየዘፈኑም ቅጥሩን ወረሱ።

አንበሳ አልተቆጣም፤ ጅራቱን እያወዛወዘ ወደ ዱሩ ሄደ። እሱ ምን ቸገረው፣ በሄደበት ሁሉ አንበሳ ነው። ቀበሮ በእናቱ በኩል ታችኛ መሆኑ ድንገት ትዝ አለውና ጭዱ ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ጅብ ብቻ መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ አሰበ። ቡድን የለም። ቡድን ከሌለ የቡድን ልጅ የለም። የቡድን ልጅ ከሌለ ሁሉም እራት ነው። ይህን ያህል አርቆ ያሰበበት ጊዜ ስለሌለ ደስ አለው። አንካሳ ሚዳቋን እያሸተተ ተነሳ።

ሚዳቋ በሦስት እግሯ እየነጠረች፣ እየወደቀች፣ ወደ ቋጥኙ ወጣች። በአፏ የወይራዋን ዱላ ነክሳለች፤ ማንም ሳያነሳው መሬት ላይ ወድቆ ቆይቶ ነበር። አህያ ቋጥኙን ተደግፋ ቆማለች፤ ከቆመችበት ከተንቀሳቀሰች ትወድቃለች።

«እትዬ! ይኸው ዱላሽ! አነሳሁልሽ!» አለች ሚዳቋ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ዋስ ነኝ! ሰማሽኝ? ዋስ ነኝ! እንደ ድሮው ከፊቴ ቁሚልኝ፤ መጣ እኮ!»

ከታች የጅብ ኮቴ ጠጠሩን ሲያንኮሻኩሽ ይሰማል። አህያ ዱላውን አየችው። መያዣው ላይ የራሷ ጥርስ የሠራው ጎድጓዳ አለ። ከዚያ የሚዳቋን የተሰበረ እግር አየች፤ የራሷንም አየች። አልተቆጣችም። መቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሚቆምልን ወዳጅ መቆም ያለብን እሱ በእግሩ ቆሞ ሳለ መሆኑን ነው፤ አህያም በመጨረሻ ለሚዳቋ የመለሰችላት ይህንኑ ነበር፦ «ልጄ፣ ያን ቀን ብታነሺው ዱላ ነበር፤ ዛሬ ምርኩዝ ነው፤ ምርኩዝ ደግሞ ጅብ ፊት አይቆምም።»