የሸጋው ሰላምታ

ዝምተኛ ሰው ሳይታሰብ ጉድ ሲያሳይ፣ ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ የሚላት አጭር አባባል አለች። ሙገሳ ትመስላለች። ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ በስደት አገር አንድ ቀን ሙገሳ ሳትሆን ስትነገር ሰምቻታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መነሻዋ ያ ነው ብዬ ይዣለሁ። የማያምነኝ ካለ የራሱን መነሻ ያምጣ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ አጠገብ፣ መጠለያ ውስጥ ነበርን። ከአርማጭሆም ከወገራም ጦርነት ያባረረን ሰዎች በአገዳ ጎጆ ተጠጋግተን እንኖራለን። ተጠጋግተን ማለቴ እንዳያሳስታችሁ፤ የተጠጋጋው ጎጆው ነው። ሰዉማ ፊቱን ወደመጣበት አዙሮ ለየብቻው ነበር የሚውለው። የምንገናኘው ዱራ የሚሉት የእርዳታ ማሽላ ሲታደል ብቻ ነው፤ ያውም ተሰልፈን፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ።

አንድ ክረምት ላይ እርዳታ ሰጪዎቹ «ሙያ ተማሩና በገዛ እጃችሁ እደሩ» ብለው ረጅም የአገዳ ዳስ ሠሩልን። ልብስ ስፌት፣ አናጢነት፣ የብረት ሥራ። ደንቡ ቀላል ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አስተማሪ ተማሪውን በሕዝብ ፊት ያቀርባል፤ ተማሪው ሠርቶ ያሳያል፤ ከዚያ መሣሪያውን ወስደው አብረው ከተማ ሱቅ ይከፍታሉ። ተማሪ ያላቀረበ ክፍል ይዘጋል።

ስፌቱ ወዲያው ሞላ። አናጢነቱም ሞላ። የብረቱ አስተማሪ ሸጋው ግን ወናፉን ታቅፎ ብቻውን ቀረ። ሸጋው ከነአባቱ ቀጥቃጭ ነው። ያገራችንን ሰው መቼም ታውቁታላችሁ፤ ማረሻውን ከቀጥቃጭ እጅ ይቀበላል፣ የሚጠጣበትን ዋንጫ ግን አያስነካውም። ቡዳ ነው ይለዋል። ርስቱን ጥሎ፣ ከብቱን ጥሎ፣ የሞተ ዘመዱን እንኳ በወጉ ሳይቀብር የተሰደደ ሰው ይችን ንቀት ግን አዝሏት መጣ። ሸጋው ከሁሉም ጎጆ ራቅ ብሎ፣ በመጠለያው ጠርዝ ለብቻው ይኖር ነበር።

ግራዝማች ጓንጉል ደግሞ በአገራቸው ዳኝነት የሚቀመጡ፣ በክፉ ቀን ጎተራቸውን ለጎረቤት የሚከፍቱ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው መንገድ ላይ ሞተውባቸዋል፤ ልጆቻቸው የት እንደገቡ አይታወቅም። ጆንያ ይዘው ለዱራ ሲሰለፉ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ይከናነቡ ነበር። ከዚያ ሰልፍ መውጣት ፈለጉ። ሌላው ሁሉ ሞልቷል ሲባሉ፣ አንድ ቀን ጭር ሲል ጠብቀው ወደ ብረቱ ክፍል ገቡ።

እኔ ስፌት ተማሪ ነበርኩ። ከብረቱ ክፍል የሚለየን አንድ የአገዳ ግድግዳ ነው፤ የስፌት መኪናዬ ባረፈ ቁጥር የወዲያኛውን ሁሉ እሰማለሁ።

«ታስተምረኛለህ?» አሉት።

«ምን ከፋኝ ጌታዬ! ሰው ከማጣቴ የተነሳ ግድግዳውን ላስተምር ምንም አልቀረኝ።»

«ውል አለኝ ግን። እዚህ ውስጥ አስተማሪዬ ነህ። ደጅ ከወጣን አንተም አታውቀኝ፣ እኔም አላውቅህ። መንገድ ላይ ብታገኘኝ ሰላም እንዳትለኝ። ስሜንም ለማንም እንዳታነሳ።»

ወናፉ ብቻ ትንሽ ሲተነፍስ ተሰማኝ።

«እሺ ጌታዬ» አለ ኋላ። «ሰላምታውን እዚሁ አጠራቅመን እንለዋለን።»

ቀልዱን መስሎኝ ነበር፤ ለካ የምሩን ኖሯል። ግራዝማች ጠዋት ሲገቡ ከበርጩማው ብድግ ይልና «እንዴት አደሩ ጌታዬ? ትናንት የውኃው ፓምፕ ዘንድ ሳይዎት እንዴት ዋሉ? ወደ ማታ በጎጆዬ በኩል ሲያልፉስ እንዴት አመሹ?» እያለ፣ ደጅ የተከለከለውን ሁሉ እዚያ ያወርደዋል። መጀመሪያ ሰሞን ግራዝማች «እግዜር ይመስገን» ብለው ይቆርጡት ነበር። እየቆዩ ግን መልሳቸው ረዘመ። እንቅልፍ እንዳጡም፣ ሚስታቸውን በሕልማቸው እንዳዩም ይነግሩታል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንዴት ዋሉ ብሎ መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አልነበራቸውም።

ሥራው አስቸግሯቸው ነበር። «ብረቱን እንደ ባላጋራ አይደብድቡት» ይላቸዋል ሸጋው። «ቀለሙን ይዩ። ብርቱካን ሲመስል ያውጡት፤ ከነጣ ዘግይተዋል።» ነሐሴ ሲገባ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ የትኛው መዶሻ የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ግራዝማች የሠሩት መቆፈሪያና ምድጃ በመጠለያው ተሠራጨ፤ ሰዉ ሁሉ የሸጋው ሥራ ነው ብሎ ተቀበለው። ደጅ ሲገናኙ ሸጋው ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል፣ ግራዝማች ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። የታላቅ ሰው ኩራት እንዲህ ርካሽ ነገር መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ክረምቱ ወጣና ተማሪ የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። ሽማግሎቹ ከፊት ተቀመጡ፤ መርጌታ ሙጬ በመካከል፣ ግራዝማች ከጎናቸው። ተቆጣጣሪው ኡስታዝ ኢድሪስ አማርኛ የሚያውቅ ሱዳናዊ ነው። ስፌቱን አየ፣ አናጢዎቹን አየ፤ ወደ ሸጋው ዞረ።

«ያንተስ ተማሪ?»

«አለኝ» አለ ሸጋው።

ሰዉ ሳቀ።

«ማነው? ጥራው።»

ሸጋው ሽማግሎቹ ወዳሉበት ዞር እንኳ አላለም። «ማን እንደሆነ እሱ ያውቃል» አለ፣ እግሩን እያየ። «ከእኔ የተሻለ እጅ አለው። ቢነሳ ይሠራል።»

ግራዝማች እሳት የጠበሰውን እጃቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ሰበሰቡት። እኔ ልናገር ብድግ ስል ሸጋው በዓይኑ መለሰኝ።

«ስሙን ተናገር እንጂ!» አለ ኡስታዝ ኢድሪስ። «ክፍሉ ሊዘጋብህ ነው።»

«ውል አለብኝ።»

«ግድግዳውን ነው ያስተማረው!» አለ አንዱ ቀልደኛ ከኋላ፣ ሳቁም እንደገና ተነሳ።

ክፍሉ ወናፉና ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ እንዳሉ ተቆለፈ። ሸጋው ሰሊጥ አጨዳ ከሚሄዱት የቀን ሠራተኞች ጋር በሎሪ ተጫነ። ያን የመሰለ እጅ ለማጭድ! ሎሪው ሲያልፍ ግራዝማች መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ሸጋው ከላይ ሆኖ አንገቱን ደፋ፤ ውሉን እዚያም ጠበቀ። ግራዝማች አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ አቧራው ቀደማቸው። በሳምንቱ ጆንያቸውን ይዘው ሰልፉ ላይ አየኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ማንም እንዴት ዋሉ አላላቸውም። ቢላቸውም መልስ ሳይጠብቅ እያለፈ ነው። ጠዋት ጠዋት የተቆለፈው በር ድረስ መጥተው ጥቂት ይቆሙና ይመለሳሉ። የከተማው ሱቃችን ገና ስላልተከፈተ እኔ እዚያው ዳስ ውስጥ እሰፋ ነበር፤ ከስፌቴ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ፤ አሳዘኑኝ ማለት እንኳ ያንሳል።

መጋቢት ላይ፣ ፀሐዩ በከፋበት ወቅት፣ የፓምፑ እጀታ ከዘንጉ የሚያያዝበት ብረት ተሰበረ። ከከተማ ይመጣል የተባለው መካኒክ ነገ ዛሬ እያለ ቀረ። እንስራው ሁሉ ደረቀ፤ ሕፃናቱ ከማልቀስ ወደ ዝምታ ሄዱ። ያን ጊዜ እነዚያው የሳቁት ሰዎች «ሸጋው ቢኖር!» ማለት ጀመሩ።

ግራዝማች ከተቀመጡበት ተነሡ። «የብረቱን ክፍል ቁልፍ አምጡ።»

«ምን ሊያደርጉበት ጌታው?»

«አምጡ አልኩ!»

በሩ ተከፈተ። ጋቢያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ጣሉትና ወደ እኔ ዞሩ። «አንጓች፣ ነይ ወናፉን ንፊ።» ለካ መስማቴን ያውቁ ኖሯል።

ከሰሉ ተያያዘ። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ በጉጠት ይዘው እሳት ውስጥ ከተቱ፤ ብርቱካን ሲመስል አውጥተው መስፉ ላይ አስተኙት። ሰዉ በሩን ሞልቶ ቆሟል። መዶሻው ሲያርፍ ዓይኔን ብጨፍን ሸጋው ነው እል ነበር። ብረቱ ቅርጹን ያዘ፤ መንከሪያ ውኃ ግን የለም። መርጌታ ሙጬ ለራሳቸው ያተረፏትን ውኃ ከነቅሏ አቀረቡ። ያችን ቅል ለሸጋው አንድ ቀን አውሰውት አያውቁም። ብረቱ ውስጧ ገብቶ ጮኸ።

ፓምፑ ተገጠመ፤ ሁለት ሦስቴ አቃስቶ ውኃውን ተፋው። እልልታው ቀለጠ።

«ግራዝማች፣» አሉ መርጌታ ሙጬ፣ «ይህን ከማን ተማሩት?»

ግራዝማች ወደ ክፍሉ ተመልሰው ገቡ፤ እኛም ተከተልናቸው። የሸጋው በርጩማ አቧራ ለብሳ ጥጉ ላይ ነበረች። ፊቷ ቆሙና እጅ ነሡ።

«እንዴት ዋሉ የኔታ?» አሉ፣ ሁላችንም እየሰማን። «ትናንት ሳላገኝዎትስ እንዴት ዋሉ? ያን ዕለት፣ በሎሪው ሲያልፉ… እንዴት ዋሉ?»

መልሱን ቆመው ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ በየሰሊጡ እርሻ ሰው ልከው አስፈልገውታል፤ አገሩ ሰፊ ነው፣ ሸጋው አልተገኘም። ግራዝማችም ከሰልፉ ወጥተው በእጃቸው አደሩ፤ እንደ ቀጥቃጭ ተቆጥረው ከዋንጫቸው የሚጠጣ ግን አልነበረም፣ እሳቸውም ጠጡልኝ አላሉ። አባባሏን ዛሬ ሰዉ ለሙገሳ ይላታል። ያን ዕለት ግን መርጌታ ሙጬ ባዶዋን ቅል እንደያዙ አንዴ በርጩማዋን፣ አንዴ ግራዝማችን አዩ፤ ያ ስሙ ያልተጠራው ተማሪ ማን እንደነበር ገባቸውና እንባቸው እየቀደማቸው «አይ ግራዝማች፣» አሉ፣ «ሙያ በልብ ነው!»